ለአንድ ቀን ጀግና፣ ለአርባ ዓመት ድምፅ አልባ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ትመነጫለች፤ መልሳም በኅብረተሰቡ ላይ ትፈርዳለች። በተለይ የመድረክና የፊልም ፍርድ ጠንካራ ነው። ማን በብርሃኑ መካከል እንደሚቆም፣ ማን በጥጉ ጨለማ ውስጥ እንደሚቀር፣ ማን እንደሚዘፍንና ማን ዝም እንደሚል የሚወስን ደራሲ ወደደም ጠላም ዳኛ ነው። ፍርድ ካለ ደግሞ ይግባኝ አለ። የምዕራቡ ዓለም መድረክና ፊልም በዋግ ኽምራ ደጋዎችና በከተማቸው በሰቆጣ ሰዎች ላይ የሰጡት ፍርድ ይግባኝ ሊባልበት የሚገባ ነው። ባለጉዳዮቹ አልተጠሩም፤ ጠበቃም አልቆመላቸውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰቆጣ እጅግ ርቆ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ገንኖ የወጣው ሮክ ኤንድ ሮል ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው የመድረክና የፊልም ጥሬ ዕቃ ሆነ። «ግሪስ» የተሰኘው ሙዚቃዊ ተውኔት በ1971 በቺካጎ ታየ፤ በዓመቱ ኒው ዮርክ ገባ፤ በ1978 ፊልም ሆኖ ዓለምን ዞረ። በ1959 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው የባዲ ሆሊ ታሪክ በዚያው በ1978 በፊልም ቀረበ፤ በ1989 ደግሞ በለንደን ሙዚቃዊ ተውኔት ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ ከመድረክ ሳይወርድ ቆየ። በ1987 ከባዲ ሆሊ ጋር በአንድ አውሮፕላን የሞተው የሪቺ ቫለንስ፣ በ1989 የጄሪ ሊ ሊዊስ፣ በ2022 የኤልቪስ ፕሪስሊ ሕይወት በየተራ ለፊልም በቁ።

እነዚህ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ሻጋታቸው ግን አንድ ነው። ድኻ ልጅ ይነሣል፤ ጊታር ያነሣል፤ ብልጣ ብልጥ ሥራ አስኪያጅ ያገኘዋል፤ ዝናና ገንዘብ ይጎርፋል፤ መጠጥ ወይም መድኃኒት ወይም ሞት ይመጣል። ከዚያ በኋላ፣ ያም ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ መብራቱ ቦግ ብሎ የመጨረሻው ትልቅ ኮንሰርት ይቀርባል። ሟቹ እንኳ ተነሥቶ ይዘፍናል። ተመልካቹ ዘፈኑን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነውና ከመቀመጫው ይነሣል፤ ያጨበጭባል፤ እያጨበጨበም ይወጣል። የሚያጨበጭብ እጅ ደግሞ ለጥያቄ አይነሣም። የሻጋታው ብልኀት ይኸው ነው፤ ጥያቄውን በጭብጨባ መዋጥ።

ለመሆኑ የሚዋጠው ጥያቄ ምንድን ነው? ዘፈኑ ከየት መጣ? ማን አስተማረ? ማን ተከፈለው? ማን ባዶ እጁን ቀረ? የሚል ነው። «ሃውንድ ዶግ» የተባለውን ዘፈን በመጀመሪያ በ1952 የቀዳችው ቢግ ማማ ቶርንተን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ኤልቪስ በ1956 ሲዘፍነው የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ኤልቪስ በ1954 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላው ላይ ያለውን ዘፈንም አርተር ክሩደፕ የተባለ ጥቁር የብሉዝ ተጫዋች አስቀድሞ በ1946 ተጫውቶት ነበር። ክሩደፕ ከዘፈኖቹ የሚገባውን ገንዘብ ሲጠይቅ ኖሮ በ1974 ሞተ። በ2022ቱ ፊልም ውስጥ ሁለቱም ብቅ ይላሉ፤ ዘፈን ቢጤ ያሰማሉ፤ ከዚያም ጀግናው እንዲያልፍ መንገድ ይለቃሉ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው የአባቶች ብሂል ለሜምፊስ ከተማ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ነው።

ይህ ሻጋታ ከሮክ ኤንድ ሮል አባቶች ወደ ልጆቻቸው ሲተላለፍ ዋግን አገኛት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ኮረም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያና ከትግራይ ገጠሮች በእግሩ የመጣ ረሃብተኛ ሰፍሮባት ነበር። ዘገባው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን መዓት ጋር አመሳሰለው። አየርላንዳዊው የሮክ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ይህን አይቶ ከሚጅ ዩሬ ጋር ዘፈን ደረሰ፤ የታወቁ ዘፋኞችን ሰብስቦም ኅዳር 24 ቀን ሸክላውን አወጣ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደኑ ዌምብሊና በፊላዴልፊያ ስታዲየሞች «ላይቭ ኤድ» የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። ዌምብሊ ብቻ ሰባ ሺህ ያህል ሕዝብ ታደመ። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ርዳታ ተሰበሰበ።

ከዚያ ቀን ትዕይንቶች ሁሉ አንዱን በጥሞና መመልከት ይገባል። ዴቪድ ቦዊ ከተሰጠው ጊዜ አንድ ዘፈን ቀነሰና የካናዳ ቴሌቪዥን ያዘጋጀው የረሃቡ ፊልም እንዲታይ አደረገ። የሰውየው ቅንነት የሚካድ አይደለም። ይሁንና ፊልሙ የታየው ከአንድ የአሜሪካ ባንድ ዘፈን ጋር ተዋሕዶ ነው። ፊቱ የኢትዮጵያ፣ ድምፁ የአሜሪካ ሆነ። የሚያቃስተው ሕፃን ምን እንዳለ፣ እናቱ በምን ቋንቋ እንዳባበለችው፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ ምን እንዳንጎራጎረ አልተሰማም። ለኢትዮጵያ ተብሎ በተዘጋጀው በዚያ ቀን፣ በሁለቱም ስታዲየሞች መድረክ ላይ፣ አንድም ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ አልቆመም። ከሃያ ዓመት በኋላ በ2005 «ላይቭ 8» በተዘጋጀ ጊዜም ስሕተቱ ታርሞ አልመጣም። ከአፍሪካ የተጋበዙት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ ከለንደኑ ትልቅ መድረክ ርቀው በኮርንዎል ለብቻ በተዘጋጀ መድረክ እንዲጫወቱ ተደረገ።

ኮንሰርት ቢሆን ኖሮ አልፎ በተረሳ። ነገር ግን ያ ቀን ራሱ ተውኔትና ፊልም ሆነ። በ2018 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» የኩዊን ባንድንና የዘፋኙን የፍሬዲ መርኩሪን ታሪክ ይተርካል። ፊልሙ የሚከፈተው ወደ ላይቭ ኤድ መድረክ በሚደረግ ጉዞ ነው፤ ሠርጉም በዚያው መድረክ ላይ ነው። ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገኘ፤ ዋናው ተዋናይም የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። የዌምብሊ መድረክ እስከ ፒያኖው ድረስ እንደነበረ ተደርጎ ተሠርቷል። ሰባ ሺሁ ሕዝብ ስለ ማን እንደተሰበሰበ ግን ፊልሙ ብዙም አይጨነቅም። ረሃቡ የጀግናው መመለሻ ሰበብ ነው፤ ኢትዮጵያ ስልክ የሚደወልበት ምክንያት ናት። ለረሃብተኛው ከተሰበሰበው ገንዘብ ብዙ እጥፍ የሚሆነው በፊልሙ ተገኘ። ይህን ያለ ምሬት ማንበብ የሚችል የዋግ ልጅ ካለ ትዕግሥቱ የሚደነቅ ነው።

በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቴአትር «ጀስት ፎር ዋን ዴይ»፣ ማለትም «ለአንድ ቀን ብቻ»፣ የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ተከፈተ። ደራሲው ጆን ኦፋረል፣ አዘጋጁ ሉክ ሼፐርድ ናቸው። በ2025 ወደ ቶሮንቶ ተሻገረ፤ ተመልሶም በለንደኑ ሻፍትስበሪ ቴአትር ታየ። ርእሱ ከቦዊ ዘፈን የተወሰደ ነው፤ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ ጀግና ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ይሸከማል። ዋና ባለታሪኩ ጌልዶፍ ነው። ከትኬት ሽያጩ አንድ አሥረኛው ለባንድ ኤድ የርዳታ ድርጅት እንዲሰጥ መወሰኑ የሚመሰገን ነው። ተውኔቱ ኢትዮጵያን ጨርሶ ረስቷል ማለትም አይቻልም። የኢትዮጵያን ወገን እንድትወክል የተመረጠችው ግን የርዳታ ሠራተኛ ናት እንጂ ረሃብተኛው ገበሬ አይደለም። የምትዘፍነውም የምዕራባውያኑን ዘፈን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተውኔቱ በታወቁ የሮክ ዘፈኖች የተገነባ ስለሆነ ከዚያ ዝርዝር ውጪ የሆነ ዜማ የሚገባበት በር የለውም። ሻጋታው ራሱ ዋግን ወደ ውጭ ዘግቶባታል።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ሥር ይገለጣል። ሙዚቃዊ ተውኔት ማለት ሰው ሐሳቡ ከንግግር አልፎ ሲሞላበት ወደ ዜማ የሚሻገርበት የተውኔት ዓይነት ነው። በእንዲህ ያለ ተውኔት ውስጥ የማይዘፍን ሰው ነፍስ የለውም። ቁሳቁስ ነው፤ የመድረክ ጌጥ ነው። ስለዚህ በሮክ ተውኔቶች ውስጥ የዋግ ሰው አለመዝፈኑ ቀላል ጉድለት አይደለም። «ይህ ሕዝብ መከራውን የሚሸከምበት ሆድ እንጂ የሚናገርበት አንደበት የለውም» ብሎ መፍረድ ነው።

ሐሰትነቱን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የ1977ቱ ሸክላ ርእስ የአፍሪካ ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ግጥሙም ምድሪቱን ዝናብ የማይዘንብባት፣ ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ይስላል። ሰቆጣ አጠገብ ከዐለት የተወቀረው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቆሟል። በአጎራባቹ ላስታ፣ በላሊበላ፣ በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዐለቱ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲዘምሩ ዘመናት ተቆጥረዋል። የዋግን ምዕራብ ተከዜ ያዋስነዋል፤ ፀላሪም እየገሰገሰ ከተከዜ ይቀላቀላል። ሸክላው በለንደን ገበያ ላይ በዋለበት በኅዳር ወር የኢትዮጵያ ገና ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀረው ነበር። እንግዲህ ገና መቼ እንደሆነ ያላወቀው ማን ነበር?

ይህ ሁሉ ሲባል ተቃዋሚ አይጠፋም። «እነዚህ ሰዎች እህል ያመጡ ናቸው። በችግር ቀን የደረሰን ወዳጅ መንቀፍ ውለታ ቢስነት ነው» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። እህሉ ተበልቷል፤ ነፍስም አድኗል፤ ምስጋናውም የሚገባ ነው። ሆኖም እህል ያበላ እጅ የአንደበት ባለቤት አይሆንም። የሀገሬው ሰው ሲበላ አመሰግናለሁ ይላል፤ ታሪኩን ግን ራሱ ይናገራል። ይህ ክርክር ከርዳታ ሰጪው ልግስና ጋር አይደለም፤ ከተውኔት ደራሲው አተያይ ጋር ነው።

አተያዩ ደግሞ የታሪክ ሐቅን ይሸፍናል። የመጽሐፍ ቅዱስ መዓት ጥፋተኛ የለውም። ሰማይ ተዘጋ፤ ሰው አለቀ፤ በቃ። የ77ቱ ረሃብ ግን ሰው የጨመረበት ረሃብ ነበር። ዋግና ላስታ በመንግሥትና በአማፅያን መካከል በሚካሄድ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ የእህል መንገድ የጦር መንገድም ነበረ። መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር የሰሜኑ ገበሬ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ከዚያም ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው፣ ብዙው ሳይወድ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ተጫነ። እነዚህ ነገሮች የተውኔት ቁም ነገር ናቸው። ውሳኔ አለባቸው፤ ክርክር አለባቸው፤ የሚወነጀልና የሚመሰክር ሰው አለባቸው። ረሃብን ከሰማይ የወረደ ጥቁር መጋረጃ አድርጎ የሚሰቅል መድረክ ግን ዳኛውንም ተከሳሹንም አብሮ ይጋርዳል።

ለዋግ ሰው ነገሩ የትናንት ወሬ ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ ስያሜው ግን ሊታሰብበት ይገባል። በዓለም ጉባኤዎች ላይ የሰቆጣ ስም ሲጠራ አሁንም የሚጠራው ከረሃብ ጋር ነው። በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጦርነት ሰቆጣ ድረስ ዘልቆ ሕዝብ ሲፈናቀልም ይኸው ምስል ተመልሶ መጣ። አንዲት ከተማ በሆዷ ብቻ ከታወቀች ልጆቿም ራሳቸውን በዚያው ዐይን ማየት ይለምዳሉ። በሰቆጣ ትምህርት ቤት የሚቀመጥ ተማሪ ስለ አገሩ የሚያውቀው ከርዳታ ሪፖርትና ከባዕድ ፊልም ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ከምርት መጓደል አያንስም።

እስከዚህ ድረስ የተወቀሰው ባዕድ ነው። ባዕድን መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላልና ወደ ባለቤቱ መለስ ማለት ይገባል። የኢትዮጵያ ከያኒ ራሱ ለዋግ ምን መድረክ ሰጥቷል?

ኢትዮጵያም የራሷ የሮክ ኤንድ ሮል ዘመን ነበራት። የፖሊስ ኦርኬስትራ ያፈራው ዓለማየሁ እሸቴ በፀጉር አበጣጠሩና በአለባበሱ ኤልቪስን እየመሰለ የአዲስ አበባን ወጣት ማረከ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ወጣቱ ዐምሃ እሸቴ ይህን ጥሶ በ1969 ዐምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ሸክላም የዓለማየሁ ነበረች። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሙዚቃ አፈነው፤ ዐምሃም ተሰደደ። ሁለቱም በአንድ ዓመት በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ድፍረት፣ ክልከላ፣ ዝና፣ ስደት፣ ሞት! ለሻጋታው ከዚህ የበለጠ የተመቻቸ ታሪክ ከየት ይገኛል? አንድ ቀን አንድ አዘጋጅ የተበጠረውን ፀጉርና ጠባቡን ሱሪ መድረክ ላይ ማውጣቱ አይቀርም። ይህም መልካም ነው፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ያ ተውኔት «ኢትዮጵያዊው ኤልቪስ» በሚል ቅጽል ከተጀመረ ገና ከመነሻው ተሸንፏል። ለሰውየው የሌላውን ሰው ስም አውሶ የራሱን ይነሣዋልና።

ዓለማየሁን ዓለማየሁ ያሰኘው የፀጉሩ አበጣጠር አልነበረም። የፈረንጁ ሳክስፎንና ጊታር ተቀብለው የሚያስተጋቡት ቅኝት ነው። ቅኝቶቹ ደግሞ ስማቸው ምስክር ነው። አምባሰልና ባቲ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ለብዙ ዘመን በወሎ ሥር አውራጃ የነበረችው ዋግም የዚያ የዜማ አገር አካል ናት። በየጠላ ቤቱ ማሲንቆውን ይዞ ሰውን በሰምና ወርቅ ሲያሞግስና ሲሸነቁጥ ያመሸው አዝማሪ፣ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች፣ በለቅሶ ላይ የሟቹን ሕይወት በግጥም የሚያወጡት አልቃሾች፣ ከወፍጮው ሥር የሚያንጎራጉሩት እናቶች የዚህ ሙዚቃ መምህራን ናቸው። አንዳቸውም በሸክላ ላይ ስማቸው አልተጻፈም። አዲስ አበባ በሜምፊስ ላይ የምትፈርድ ከሆነ በመጀመሪያ የራሷን መዝገብ ትግለጥ። የአርተር ክሩደፕ ወንድሞች በዋግና በላስታ ጎጆዎችም ነበሩ።

የኪነት ቡድኖች ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። በደሴ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠን ለሀገር አበርክቷል፤ የገጠሩ ዜማ ከባላባት ግብዣና ከጠላ ቤት ወጥቶ በአደባባይ መድረክ እንዲከበር አድርጓል። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዓመታት የተለመደው አቀራረብ ሌላ ሻጋታ አወረሰ። የየብሔረሰቡ ውዝዋዜ አምስት አምስት ደቂቃ ተመጥኖ፣ ልብሱ ተለክቶ፣ ከበሮው ተፋጥኖ እንደ እቅፍ አበባ ይቀርባል። የዋግ አገውም ወጥቶ ትከሻውን ይመታና ፈገግ ብሎ ይገባል። ማን ነው? ምን አጣ? ምን ይፈልጋል? ይህ አይጠየቅም። በለንደን መድረክ ዋግ የምታለቅስ ፎቶ ናት፤ በአዲስ አበባ መድረክ የምትስቅ ፎቶ ናት። በሁለቱም ቦታ ፎቶ ናት።

እንግዲህ መፍትሔው ሮሮ አይደለም፤ ተውኔት መጻፍ ነው። ለዚህ ደግሞ ዋግ ባዶ እጇን አይደለችም። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣና በአካባቢዋ ሻደይ ይከበራል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዷ ታቀነቅናለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ እዚያው እንደ ሰውየው፣ እንደ ደጁ፣ እንደ ዘመኑ ይፈጠራል። ይወደሳል፤ ይተረባል፤ ይወቀሳል። የተውኔት ታሪክ ያነበበ ሁሉ ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሕያው ኅብረ ዘማሪ ነው። የጥንት ግሪኮች ተውኔታቸውን የመሠረቱት በእንዲህ ያለ የአቀንቃኝና የተቀባይ ጨዋታ ላይ ነበር። የሰቆጣ ልጃገረዶች መነሻውን ይዘው ሲጠብቁ የኢትዮጵያ ጸሐፌ ተውኔት ሙዚቃዊ ተውኔትን ከውጭ አገር እቃ ጋር በመርከብ ይመጣል ብሎ ሊጠብቅ አይገባም።

ስለዚህም «ሙዚቃዊ ተውኔት የባዕድ ነው፤ ለዋግ አይስማማትም» የሚለው ክርክር አይጸናም። የባዕዱ ሻጋታው ነው እንጂ ጥበቡ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ክርክር ነው። «የሰቆጣ ሰው ረሃቡን መርሳት ይፈልጋል፤ ለምን ቁስሉ ይነካል?» ይላሉ። ቁስል ያላግባብ ሲነካ ያማል፤ እውነት ነው። ግን ቁስሉ ዛሬም እየተነካ ነው፤ የሚነካው በሌላ ሰው እጅ ነው። ለዚያም ነው የሚያመው። ደግሞም የዋግ ሕዝብ ኀዘንን በዝምታ የመቅበር ባህል የለውም። ለሟቹ ግጥም አውጥቶ፣ ደረቱን ደቅቶ፣ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ያወጣዋል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ መድረክ ከብቅል የተሻለ አውጪ ነው። በ77 ያለቁት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ብዙዎቹ አልቃሽ አላገኙም። በጅምላ ተቀበሩ። ያልተለቀሰላቸውን ማልቀስ ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ የሚከፍለው የተወላጁ ድምፅ እንጂ የስታዲየም ጭብጨባ አይደለም።

ይህ ተውኔት እንዴት ያለ ይሁን? በመጀመሪያ፣ የሚዘፍነው ረሃብተኛው ራሱ ይሁን። ከሰቆጣ ወደ ኮረም የሚወስደው የእግር ጉዞ ብቻውን አንድ ትልቅ ገቢር ይወጣዋል። ሁለተኛ፣ ቋንቋው የዋግ ይሁን። ኽምጣና በየትምህርት ቤቱ የሚማሩበትና በመገናኛ ብዙኃን የሚነገርበት ቋንቋ ሆኗል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን አሁንም ለዘፈን ማጣፈጫ ብቻ ነው። እናት ልጇን የምታባብለው በኽምጣና፣ ባለሥልጣኑ ትእዛዝ የሚያነበው በአማርኛ፣ ፈረንጁ የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ቢሆን የታሪኩ ግማሽ ያለ ማብራሪያ ይገለጣል። አስተርጓሚው ቆሞ የሚያስተላልፈውና የሚያስቀረው ነገር ብቻውን ትልቅ ትዕይንት ነው። ሦስተኛ፣ ምክንያቱ አይደበቅ። እህሉን ማን ያዘ? መንገዱን ማን ዘጋ? በድግሱ ቀን ማን ዝም አለ? የሚለው ይጠየቅ። ጌልዶፍም ይግባ፤ ቦዊም ይግባ፤ ነገር ግን በመጡበት መጠን፣ በሩቁ እንደሚሰማ ሙዚቃ ይግቡ። አራተኛ፣ ዜማውን የሰጠ ይከፈለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል። አዝማሪውን ቀርፆ፣ ዜማውን ወስዶ፣ ስሙን «ሕዝባዊ» ብሎ ማለፍ የሜምፊስን ግፍ በሰቆጣ መድገም ነው።

ሥራው ለደራሲ ብቻ የሚተው አይደለም። የባህል ሥራ ኃላፊው ሻደይ በደረሰ ቁጥር ድንኳን ተክሎ እንግዳ በማስተናገድ ብቻ ተግባሩን የፈጸመ አይምሰለው። የበዓሉ ቀን የሚያልፍ ነው፤ መለማመጃ አዳራሽ፣ መቅረፀ ድምፅና ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ግን ይቆያሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ይላካቸው። በ77 ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ያን ጊዜ ወላጆች የነበሩት እያለፉ ነው። እያንዳንዱ የሚሞት ሽማግሌ ያልተጻፈ ገቢር ይዞ ይቀበራል። የዛሬ አሥር ዓመት የሚጻፍ ተውኔት ምስክር አጥቶ ከባዕድ ፊልም ሊገለብጥ ይገደዳል። ከያኒውም የሰቆጣን ዜማ ለመቅዳት ብቻ ወጥቶ የሚመለስ እንግዳ መሆኑን ይተው፤ ይቀመጥ፤ ይስማ፤ ከሕዝቡ ጋር ይጻፍ።

ለአንድ ቀን ጀግና መሆን መልካም ነው፤ ማንም አይነሣቸው። የዋግ ሰው ግን የተራበው ለአንድ ቀን አልነበረም፤ የተረፈውም በአንድ ቀን ኮንሰርት አልነበረም። ያለውን እህል ተካፍሎ፣ ልጁን ተሸክሞ፣ የወደቀውን ቀብሮ፣ ዘር ለምኖ ተመልሶ ማሳውን አርሶ ነው። ይህን ያደረገ ሕዝብ ዜማ አለው። መድረኩን መልቀቅ ብቻ ይበቃል፤ እርሱ ይጀምረዋል።